ስልኩ «ምስል» ብሎ ዝም ሲል

ልጄ ዓይኗን ያጣችው ገና አፏን ሳትፈታ ነው። ትኩሳት ነበር። አላህ ነፍሷን ተወልኝ፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ደሴ ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በአማርኛ ቋንቋ ተመርቃ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰች። መምህር መሆን ትፈልጋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። የመምህራን ቅጥር በዓመት አንዴ ይወጣል፤ እሱን እንጠብቅ ነበር።

ድሮ ማስታወቂያ የሚለጠፈው የወረዳው መሥሪያ ቤት በር ላይ ባለው ሰሌዳ ነው። ገበያ ስወርድ ቆሜ አነብና ለልጄ እነግራታለሁ። ኋላ ሰሌዳው ቀረ። ድረ ገጽ ተከፍቷል፣ ማስታወቂያውም ምዝገባውም እዚያው ነው ተባለ። ከማንም በላይ ደስ ያላት ልጄ ናት። ስልኳ ያነብላታል። ጣቷን መስታወቱ ላይ ስታስኬድ፣ ጣቷ ያረፈበትን ጽሑፍ በድምፅ ይነግራታል። ድምፁ የብረት ነው፤ ደግሞ ይቸኩላል። እኔ ግማሹ ያመልጠኛል፤ እሷ ለምዳዋለች።

«ከእንግዲህ ሰሌዳ ሥር አላቆምሽም፣ እማ» አለችኝ።

በየጠዋቱ ሱብሂ ሰግደን ስናበቃ ድረ ገጹን ትከፍታለች። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጠራል። ቀጥሎ «ምስል» ይላል። እንደገና «ምስል»። ከዚያ ዝም።

«የስብሰባ ፎቶ ይሆናል» ትላለች።

እኔም የስብሰባ ፎቶ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ፎቶ ይወዳል።

አንድ ቀን ጎረቤቴ መጣች። የእሷም ልጅ መምህር ነው፤ አቀስታ ያስተምራል። ገና ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

«ልጅሽ ተመዘገበች?»

«ምን ላይ?»

«የመምህራኑ ቅጥር ላይ ነዋ። ትናንት ተዘጋ እኮ።»

ስልኩን ከልጄ እጅ ተቀብዬ አየሁት። ምስል የተባለው ማስታወቂያው ራሱ ነበር። ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ከዚያ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ። ለስልኩ ፎቶ ፎቶ ነው፤ ውስጡ ያለውን ፊደል አያይም። ማስታወቂያው ያን ሁሉ ጠዋት እፊታችን ነበር።

«አብሽሪ፣ የከርሞ ሰው ይበለን» አለች ጎረቤቴ። ልጄ አልመለሰችላትም። ምሳም አልበላችም። ዐሱር ሲደርስ ተነስታ ውዱእ አደረገች፣ ሰገደች፣ ከዚያ «ነገ መሥሪያ ቤቱ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ነይ። ግን አትናገሪልኝ።»

በሩ ላይ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ሰውዬ ልጄን ሲያይ ጠጋ ብሎ ሳንቲም እጇ ላይ አኖረ። «ዱዓ አድርጊልኝ» አላት። በክፋት አይደለም። ማየት የተሳነው ሰው ዱዓ ቶሎ ይደርሳል ይባላል፤ እኔም እንደዚያ ስሰማ ነው ያደግሁት።

«ዱዓውን አደርጋለሁ» አለችው። «ሳንቲሙን ይውሰዱት። እዚህ የመጣሁት እንደ እርስዎ ለጉዳይ ነው።»

ሰውዬው አፈረ። እኔም አፈርኩ። እሷ አላፈረችም።

ኃላፊው ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር። ወንበሩን በገዛ እጁ ስቦ አስቀመጣት፤ ሻይ አስመጣልን።

«እህቴ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ? ስልክ ቁጥርሽን ተይልን። ማስታወቂያ ሲወጣ እኛው ደውለን እናነብልሻለን።»

«ብትረሱስ?»

«አንቺን የመሰለ ሰው እንዴት ይረሳል?»

«ዘንድሮ ረስታችሁኛል። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ማሻም አለ፣ አቀስታም አለ እንደኔ ያለ። ለሁሉም ትደውላላችሁ?» አለችው። «ማስታወቂያውን በጽሑፍ ለጥፉት ነው የምለው። ፎቶውን ስልኬ አያነበውም።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። «ማህተም የሌለበትን ጽሑፍ ማን ያምናል? አንዱ የሐሰት ማስታወቂያ በስልክ በትኖ፣ ሰው ከማሻ ድረስ በእግሩ መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሜ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ማህተሙ ሳይታይ ምንም ነገር እንዳይወጣ አዝዣለሁ።»

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ማህተም የሌለው ወረቀት የበርበሬ መጠቅለያ ነው። ስንወጣ ስለ ሻዩ አመሰገንኩት።

መንገድ ላይ ልጄ «ለምን አመሰገንሽው?» አለችኝ።

«ሻይ አጠጣና።»

«ሻይ አጠጥቶ ሸኘሽ እኮ፣ እማ።»

ሰው ለልጄ ጥቂት ደግ ነገር ባደረገላት ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አመስግኜ የኖርኩ ነኝ። ማመስገን ከአላህ የታዘዘ ነው። አንገት መድፋቱ ግን የት እንደታዘዘ ሳስብ፣ አላገኘሁትም።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ሄድን። የገበያ ቀን የመረጥነው ሰው ስለሚበዛ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሉን አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሠራተኞቹ ስም አወጡልን። «እነ ምስል መጡ» ይባባላሉ። ልጄ ትሰማለች።

«ጥሩ ነው» አለችኝ ባንዱ ቀን። «ስም ከወጣልን ለምደውናል ማለት ነው።»

ያን ዕለት ኃላፊው ከቢሮው ሲወጣ ተነሳች። የስልኳን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ድረ ገጹን ከፈተች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰማው።

«ምስል። ምስል። አዝራር። ምስል።»

ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ ከቆላው በኩል ለማዳበሪያ ጉዳይ የመጡ ገበሬ ናቸው። «አዝራር? ይኸ ቤት ደሞ ልብስ መስፋት ጀመረ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊውም ፈገግ አለ።

ሽማግሌው ግን አላበቁም። «ይች ስልክ ወረቀት ታነባለች?»

«በጽሑፍ ከሆነላት ታነባለች፣ አባባ» አለቻቸው ልጄ።

«ለእኔም?»

«ለማንም።»

«እንግዲያማ» አሉና ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ስማኝ ልጄ። እኔ ዓይን አለኝ፣ ፊደል የለኝም። የናንተን ማስታወቂያ ለማስነበብ ጎረምሳ ስለምን ነው የምውል። ደሞ ግማሹን ዘሎ ነው የሚያነብልኝ። ስልኩ የሚናገር ከሆነ ምን አፉን ትይዙታላችሁ?»

«ማህተሙ ነው አባባ፣ ማህተሙ» አለ ኃላፊው።

ድረ ገጹን የሚይዘው ወጣት ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልጄ ወደ ድምፁ አቅጣጫ ዞራ ጠየቀችው። «ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ማስታወቂያው የት ነበር?»

«ኮምፒውተር ላይ።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ» አለና ቆም አለ። ከዚያ ራሱ ሳቀ። «ጽሑፍ ነበር። አትመን፣ አስፈርመን፣ ማህተም አስመትተን፣ በመጨረሻ ፎቶ እናደርገዋለን።»

«ማህተሙን አንሱ አላልኩም» አለች ልጄ። «ይኑር። ሰው ይመነው። ከሥሩ ያንኑ ጽሑፍ ጨምሩልኝ።»

ኃላፊው አገጩን ያዘ። «እስቲ እናያለን» አለ።

አትናገሪልኝ ብላኝ ነበር። አላስቻለኝም። «ልጄ አታይም» አልኩት። «እርስዎ ይዩና ቀኑን ይንገሩን።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ኃላፊው ባለሙያውን አየው፣ ባለሙያው «ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል» አለ። ደረሰም። አልሐምዱሊላህ።

ዓመቱ ዞሮ ቅጥሩ ሲወጣ እኔ ገና ከመስገጃዬ አልተነሳሁም ነበር። ስልኩ «ምስል» አለ። ቀጥሎ ግን ዝም አላለም። «ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ» አለና ቀጠለ፤ የትምህርት ደረጃውን፣ የሥራ ቦታውን፣ ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀን። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም። እስኪጨርስ ሰማችው፤ ከዚያ ልትመዘገብ ተቀመጠች።

ስሟን ጻፈች። የተማረችበትን ጻፈች። መጨረሻው ላይ ስልኩ «በምስሉ ላይ የሚታዩትን ፊደላት ይጻፉ» አላት። ጣቷን ወደ ታች አንሸራተተች።

«ምስል» አለ ስልኩ።

ስልኩን መሬት አስቀመጠችው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተወለጋገዱ ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ ልባቸው እንደዞረ ፍየሎች ወዲያና ወዲህ ያዘመሙ። ቢያዘምሙም ይነበባሉ። አፌን ስከፍት ሰማችኝ።

«እንዳትነግሪኝ።»

«ልጄ፣ ሊዘጋ ነው እኮ። ዓመት የጠበቅሽው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ ከነገርሽኝ ከርሞም ያው ነው። ከአንቺ በኋላስ፣ እማ?»

ይህን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ በእሷ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሻሼን አሰርኩ። ወጣን።

ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ተነፈሰ። የሰለቸው መሰለኝ፤ አልፈርድበትም።

«እናቴ፣ እርስዎ ያንብቡላትና ይገላገሉ እንጂ። ዓይን አለዎት አይደል?»

«አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አላነብላትም።»

«ምዝገባው በዚህ ሳምንት ያበቃል። ያልፋታል እኮ።»

«ካለፋት በእናንተ ምስል ነው ያለፋት። በእኔ ዝምታ አይደለም።»

«እኔ ልንገራት?»

«እርስዎም አይንገሯት። እንደሷ ላለችው የማሻ ልጅ ማን ይነግራታል?»

ሦስት አራት ፊደል ነው። አውቀዋለሁ፣ ከዓይኔ አልጠፋም። በገዛ ልጄ ላይ በር እየዘጋሁ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያረቢ፣ አታሳፍረኝ አልኩ በልቤ። ልጄን አየኋት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

ባለሙያው ተጠራ። «በምስሉ ፋንታ ቁጥር ወደ ስልኳ ሊላክላት ይችላል» አለ።

«ይቻላል?» አለ ኃላፊው።

«ይቻላል። ትንሽ ሰዓት ይፈልጋል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቃለህ?»

«አይቸግርም ብዬ ነዋ። እኔን አይቸግረኝማ» አለ ልጁ አንገቱን እያከከ።

ወደ ቤት ሄዳችሁ ጠብቁ ተባልን። አልሄድንም። ዙህር ሲደርስ ግቢው ጥግ ኩታዬን አንጥፌ ሰገድኩ፤ ልጄም ከጎኔ ሰገደች። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሰው በፊታችን እንዳያልፍ ቆመልን። ክርስቲያን ነው። «ለእኔም ጨምሩበት፣ ዝውውር ጠይቄ ነበር» አለን ስንጨርስ። ልጄ ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራላት፤ እሷም አንድ በአንድ ጻፈችው። ትንሽ ቆየ።

«ምዝገባዎ ተጠናቋል» አለ ስልኩ።

ደግማ አስነበበችው። እንደገና አስነበበችው። ኃላፊው ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመ።

«አሁንስ ደስ አለሽ?» አላት።

«የማሻዋ ስትመዘገብ ይለኛል» አለችው።

እኔ አመሰገንኩት። ሰው ነው፣ ሠርቷል፣ ምስጋና ይገባዋል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው ያመሰገንኩት።

ውጤቱ ገና አልወጣም። ትቀጠር አትቀጠር አላህ ያውቃል፤ ካልሆነም ከርሞ ማስታወቂያውን ራሷ ሰምታ ራሷ ትመዘገባለች። ጎረቤቴ በመጣች ቁጥር «አብሽሪ» ትላለች። ልጄ አሁን «አብሽሬያለሁ» ትላታለች።

ዛሬ ጠዋት ሱብሂ ሰግደን ድረ ገጹን ከፈተች። የወጣው ጨረታ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛ ግዢ። ስልኩ የእንጨቱን ዓይነት፣ የወንበሩን ከፍታ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ሁሉ እየዘረዘረ ያነባል። እኛ አናጢ አይደለንም። ውሃ መቅዳት ነበረብን።

«በቃሽ፣ ዝጊው» አልኳት።

«ቆይ፣ ይጨርስ» አለችኝ። «ለእኔም ነው የወጣው።»

ቁጭ ብዬ አብሬያት ሰማሁ።