ያልተሰጠኝ ቀኖና

ይህን ነገር ከባለቤቴና ከንስሐ አባቴ በቀር ከአፌ የሰማ የለም። እንጅባራ ላይ ግን እኔን የማያውቅ የለም። የተማሪ ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል ለብቻዬ የለየሁ፣ የስንቱን ማመልከቻ የጻፍኩ፣ የመድኃኒት ወረቀት እያነበብኩ ለአገሩ ሁሉ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። ታዲያ ያ ሁሉ ንባብ ለገዛ ቤቴ ምን ጠቀመ?

ከዓመታት በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ያዘኝና ባሕር ዳር ሕክምና ጀመርኩ። ሐኪሙ፣ «አባቴ፣ መርፌው የመኝታ ፍላጎትን ይቀንሳል። ነውር የለውም፤ የሚረዳ ሕክምናም ምክርም አለ። በሚቀጥለው ከእማማ ጋር ይምጡ» አለኝ።

«እኔው እነግራታለሁ» አልኩት። አልነገርኳትም።

መርፌው ሥራውን ሲጀምር አልጋ ለየሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ዋሸሁ። እኔ፣ በእግዚአብሔር ስም ዋሸሁ። የንስሐ አባታችን ቀኖና እንደሰጡኝ፣ ከመኝታ ርቄ እንድሰግድ እንዳዘዙኝ ነገርኳት። ኃጢአቴን አልጠየቀችኝም። «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ነው፤ እኔም እሰግዳለሁ» አለች።

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ብርድ መሬት ላይ ስትወድቅ ስትነሣ እያየሁ አጠገቧ ለታይታ ሰገድኩ። ጉልበቷ አበጠ። ቅባት ገዛሁላት፤ አጠቃቀሙንም ከወረቀቱ አነበብኩላት! የታመመው እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፤ ጉልበቷን እያሸሁ እንኳ እንዴት ዝም አልኩ?

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቄሱ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። «አባ፣ የእሳቸው ቀኖና መቼ ነው የሚያልቅ? እኔስ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለቻቸው።

«የምን ቀኖና?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ጥሩወርቅ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። «አንቱ ሰውዬ! ሰው የገደሉ መስሎኝ፣ ነፍስዎን ከሲኦል ላወጣ ነበርኮ የምሰግድ!»

በቀጠሮው ቀን አብራኝ ባሕር ዳር ሄደች። ከሐኪሙ ጋር ስታወራ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበረች። የመከረንን ሞከርን፤ እንደ ድሮው ባይሆንም አልጋችን አንድ ሆነ። እጇን ይዤ እተኛለሁ። ይህም ባልነት መሆኑን ከወረቀት አላገኘሁትም።

እሷ ይቅር ብላኛለች። ቄሱም እውነተኛውን ቀኖና ሰጥተውኝ ፈጽሜያለሁ። ማመካኛ ግን የለኝም። በሰሙነ ሕማማት ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እሷ በሴቶች በኩል ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። እኔ በወንዶች በኩል እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ፣ ተመስገን፣ የጎልማሳ ነው። ቀና ባልኩ ቁጥር ቆማ አያታለሁ።