እያወቅሁ ጠበል የወሰድኳት ልጅ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ከፊታቸው እንበረከክና ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የዓርቡን ወተት ሳይቀር እዘረዝራለሁ፤ ይህችን ግን ዘልዬ አልፋታለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄ ይዘገያል። ሐሳቤም አንድ ቦታ አይቀመጥልኝም፤ ታገሡኝ።

ትርንጎ የልጄ ልጅ ናት። አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ለኔ ትታት ዓረብ አገር ሄደች፤ እማዬ የምትለኝም ለዚያ ነው። አፏ የማይዘጋ ልጅ ነበረች። ከመካነ ሰላም ገበያ ስንመለስ ቅቤ ሻጯን፣ ደላላውን፣ የመኪና ረዳቱን በየድምፃቸው እያስመሰለች ሆዴን እስክይዝ ታስቀኝ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ እንዲህ አልተቆፈረም፣ ጉልበቴም ደህና ነበር... ወደ ነገሬ ልመለስ፤ እየሸሸሁ ነው መሰል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጭድ ቤቱ ድምፅ ሰማሁ። በስንጥቁ ባይ ብቻዋን ናት። ወደ ግድግዳው ዞራ በማላውቀው ቋንቋ ትጠይቃለች፣ ድምጿን አወፍራ ራሷ ትመልሳለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ትስቃለች። ጎረቤቴን ዘነቡን ጮኼ ጠራኋት። እሷም በስንጥቁ አየችና፣

"አብሽሪ፣ ለክፏት ነው። ያውም ፈረንጅ ነው የያዛት፤ የኛውማ ቢሆን በአማርኛ ይለፈልፍ ነበር" አለችኝ።

አለቀስኩ። በማግስቱ ማለዳ ዘነቡና ሁለት ሴቶች ሥራቸውን ፈትተው፣ ጀሪካን ይዘው ከኔና ከልጅቱ ጋር ወደ ጠበሉ ወጡ።

እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው ብላችሁ ትፈቱኝ ይሆናል። አትፍቱኝ።

ዳገቱ ላይ ሴቶቹ ቀደም ሲሉ ትርንጎ እጄን ያዘችኝ። "እማዬ፣ እንግሊዝኛ እኮ ነው። ባለሱቅና ገዢ ሆኜ እየተለማመድኩ ነበር። ዓርብ ሰልፍ ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት የማቀርበው እኔ ነኝ፤ መምህራችን መርጦኝ።" ደብተሯን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። ትርጉሙ ባይገባኝም ትናንት የሰማሁት ያው ነው። ዳሩ ላይ የመምህሩ ቀይ እስኪርብቶ አለበት። አወቅሁ። እዚያው ዳገቱ ላይ አወቅሁ። ልጄ ደህና ናት! እልል ማለት አልነበረብኝም? እኔ ግን ያየሁት የዘነቡን ጀርባ ነው። ትናንት ደረቴን እየደቃሁ አልቅሼ፣ ሰው ከሥራው አስፈትቼ፣ አሁን ተሳስቻለሁ እንመለስ ልበል? ዘነቡ ዕድሜ ልኳን ስትስቅብኝ ትኖራለች አልኩ በልቤ።

"ዝም በይ፣ ጠበል ምን ይጎዳሻል?" አልኳት።

ደብተሯን መልሳ ከነጠላዋ ሥር ከተተችው።

አጥማቂው ውሃውን ፊቷ ላይ እያፈሰሰ "ማን ነህ? ተናገር!" ሲል ሴቶቹም ተቀበሉት፤ "ተናገር! ልቀቅ!" ትርንጎ በውሃው መሐል በዓይኗ ፈለገችኝ። አንድ ቃል እንድናገርላት ነበር። እኔም "ተናገር!" አልኩ። እያወቅሁ አልኩ። ከሁሉም ድምፅ የኔ ይበልጥ ነበር። ሰው እንዳይጠረጥረኝ ይሆን? እንጃ። ብቻ ጮህኩባት።

ዓርብ ሰልፉ ፊት ወጣች። አፏን ስትከፍት ከኋላ አንዱ "ልቀቅ!" ብሎ ጮኸ፤ ወሬው ቀድሟት ኖሯል። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ቃል ሳይወጣት ወረደች።

አሁን ኮሌጅ ናት። በጽሑፍ የሚደርስባት የለም ይላሉ ጓደኞቿ። በእንግሊዝኛ ተናገሪ ሲሏት ግን አንገቷን ያልባታል፣ የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባታል። ሰሞኑን ለበዓል መጥታ ምግብ እምቢ አላት። ምነው ብላት፣

"የመመረቂያ ጽሑፌን በመምህራኑ ፊት ቆሜ ማስረዳት አለብኝ። አልችልም እማዬ፣ ልተወው ነው። ሲፈጥረኝም ፈሪ ነኝ አይደል?" አለችኝ።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምን ብል ጥሩ ነው? "አዎ ልጄ፣ ከሕፃንነትሽም ዓይናፋር ነበርሽ" አልኳት። ያቺን ገበያውን ሁሉ ታስመስል የነበረችውን! በመጀመሪያ ድምጿን ወሰድኩባት፤ ቀጥዬ ድምፅ እንደነበራት ካድኳት። የትኛው ይብሳል?

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ያልፈረሰ አጥር እጠግናለሁ፤ ዘንቢል አንስቼ ምን ልገዛ እንደሄድኩ ሳላውቅ ከመንገድ እመለሳለሁ። ነገ ጠዋት ትሳፈራለች፤ የምትሄደው ግን ዕቃዋን ጠቅልላ ልትመለስ ነው።

መኪናው ሳይመጣ እነግራታለሁ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። አውቃታለሁ፣ "ምንም አይደል እማዬ" ብላ እንዳይከፋኝ ትውጠዋለች። ስንቱን ለኔ ስትል ትዋጥ? የምለምናት አንድ ነገር ነው። ትቆጣኝ። ደጄ ላይ ቆማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ትቆጣኝ።