የ«ራይት» ጣጣ

በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት ልደታ ማርያም አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ለሰባተኛ ክፍሎች «ራይት» የሚለውን ቃል አስተማርኩ። ቀኝ ማለት ነው፤ ትክክል ማለት ነው፤ መብትም ማለት ነው። ጥንት «ቀጥ ያለ» ማለት እንደነበረ፣ ለብዙ ሰው የሚቀናውም ቀኝ እጁ ስለሆነ ስሙ ለእጁ እንደተሰጠ ጭምር አስረዳሁ። ተማሪዎቹ ወደዱት። እኔም ራሴን ወደድኩት።

ከተማሪዎቹ አንዷ የቀበሌያችን የውይይት ክበብ መሪ ልጅ ነበረች። ቤቷ ገብታ ጮክ ብላ ስታጠና አባቷ ይሰማል፤ «ራይት ቀኝ ነው! ራይት ትክክል ነው!» ያኔ «ቀኝ መንገደኛ» የተባለ ሰው ቤቱ ማደሩ ያጠራጥር ነበር።

እሁድ ጠዋት ውይይቱ ላይ እንድገኝ ተጠራሁ። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስያዘችኝ።

«ጓድ መምህር፣ ቀኝ ትክክል ነው ብለው አስተምረዋል?» አለኝ መሪው።

«እኔ አይደለሁም ጓድ፣ እንግሊዞቹ ናቸው።»

«እነሱማ ምን ይበሉ! መብትስ?»

«እሱም ራይት ነው።»

«እና ሰፊው ሕዝብ መብቱን የሚያገኘው ከቀኝ ነው?»

አንድ ወጣት ሊያግዘኝ ብሎ፣ «ግራስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለ።

«ሌፍት!» አልኩ በደስታ።

«ሌላ ትርጉም አለው?» አለ መሪው።

መዋሸት ነበረብኝ፤ አስተማሪነቴ አሸነፈኝ። «የቀረ... የተረፈ... ጥሎ የሄደ።»

ማንም አልሳቀም። መሳቅ ያማረውን ሁሉ ሳል ያዘው።

ይሄኔ ከፊት የተቀመጡት አሮጊት ጎረቤታችን እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ እኔ እንጃ፤ ግራ ገባኝ» አሉ።

የመሪው ፊት በራ። «ይመዝገብልኝ! እናታችን ግራ ገብተዋል!» ብሎ አስጨበጨበ። እሳቸውም አብረውን አጨበጨቡ። ሰውየው ከልቡ ይሁን ሊያወጣኝ ፈልጎ፣ ዛሬም አላውቅም።

ውሳኔው ወዲያው ተነበበ፦ ትክክል ለማለት «ኮሬክት» ብቻ እንዲባል፤ ራይት ለአቅጣጫ ብቻ እንዲያገለግል፤ መብት ለጊዜው እንዲቆይ። ብርድ ልብሴን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አየችኝና ተቀምጣ አለቀሰች።

ተማሪዎቹ ግን ከውሳኔውም አልፈው ሄዱ። በፈተና ከአብነት ሰንጋ ተራ የሚወስደውን መንገድ በእንግሊዝኛ እንዲያሳዩ ብጠይቃቸው፣ ግማሹ ክፍል «ወደ ኮሬክት ታጠፍ» ብሎ ጻፈ። ፈራሁና ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። የመሪው ልጅ ብቻ «ራይት» ብላለች። ጠራኋት።

«አባትሽ አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል ቲቸር፤ ግን በኮሬክት ቢታጠፉ አይደርሱም።»

በቀዩ እስክሪብቶዬ ትልቅ ራይት አደረግሁላት።