አባቴ ስለ ዓለም መጀመሪያ የጠየቁት

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ውስጥ ባለ አንድ ኩፓት ሆሊም፣ ማለት የሕክምና ጣቢያ፣ ዕብራይስጥ በሚናገረው ሐኪምና ከኢትዮጵያ በመጡት ሽማግሌዎቻችን መሀል ተቀምጬ የአንዱን ነገር ለሌላው አደርሳለሁ። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጉልበት ሕመም፣ ለእንቅልፍ ማጣት ቃል አላጣም። ስለዚህ የሞዓዶኑ፣ የአረጋውያኑ መዋያ ክበብ፣ ኃላፊ ደውላ፣ «አንዲት የፊዚክስ መምህርት ስለ ዓለም አጀማመር ልታወራላቸው ትመጣለች፤ ታስተረጉሚልናለሽ?» ስትለኝ ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ከሞቱ ወዲህ አባቴ ወደ ሞዓዶኑ መሄድ ትተው ነበር። እናቴ ለረጅም ጊዜ ታመው፣ በመጨረሻ እኛን ልጆቻቸውንም መለየት አቅቷቸው ነው የሞቱት። አባቴ እስከ መጨረሻው አስታመሟቸው። ከቀብሩ በኋላ ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ሰው ሲመጣ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ዝም ነው። «አባዬ፣ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ መጥተው ይስሙኝ» ብዬ ብለምናቸው፣ ለእኔ ሲሉ ኮታቸውን ለበሱ።

ሞዓዶኑ በአሮጌዎቹ ፎቆች መሀል ያለ ሚክላት ነው፤ ለሮኬት ጊዜ የተሠራ መጠለያ፣ በደኅናው ቀን የሽማግሌዎች መዋያ። መምህርቷ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ወጣት ነበረች። ሥዕል የምታሳይበት መሣሪያ አልሠራ ሲላት ትታው በቃሏ ጀመረች። ዛሬ የምናየው ሁሉ በጥንት በጥንት እጅግ የታመቀና እጅግ የጋለ እንደነበር፣ ከዚያ እየሰፋ እየቀዘቀዘ እንደመጣ፣ የዚያ ዘመን ብርሃን እስከ ዛሬ ከየአቅጣጫው እንደሚደርሰን፣ በዓይን ግን እንደማይታይ ነገረቻቸው። እስከዚህ ተከተልኳት።

ቀጥላ «የጊዜ ቀስት» አለች። እንዳለ ብወስደው ስለ አደን የምታወራ ይመስላል። «ጊዜ ለምን ወደ ፊት ብቻ እንደሚሄድ ነው የምታስረዳው» አልኳቸው። ወዲያው ደግሞ «ኤንትሮፒያ» የሚል ቃል አመጣች። እዚህ ላይ ቆምኩ፤ ለእሷም ለእነሱም «ለዚህ ቃል የለኝም» አልኩ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው?» አሉኝ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እማማ። ጎንደር ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ።

«ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደተበታተነና እንደተደበላለቀ የሚለካበት ነው።»

«ገባኝ። ሸክላው ገል ይሆናል፤ ገሉ ተመልሶ ሸክላ አይሆንም። በቃ መበታተን በያ!»

መበታተን ብለን ቀጠልን። መምህርቷ እንዳለችው፣ ጊዜ አቅጣጫ ያለው መበታተኑ መጀመሪያ ላይ እጅግ ትንሽ ስለነበረና ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ስለሚሄድ ነው። ዓለም ሲጀምር እጅግ የተስተካከለ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ መሀል የነበሩት የማኅበረሰባችን ቄስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ የተማርነው ሌላ ነው። መጀመሪያ ዝብርቅርቅ ነበር፤ ፈጣሪ ነው ኋላ ብርሃኑን ከጨለማው የለየው።»

እማማም ተከተሏቸው። «እሷስ ብትሆን ቅድም ሁሉም አንድ ላይ የታመቀ፣ የጋለ ነበር ብላለች። የተደባለቀ ነገር እንዴት የተስተካከለ ይባላል?»

ሁለቱንም ተረጎምኩላት። መምህርቷ ደስ አላት፤ ተማሪዎቿም እዚሁ ላይ እንደሚደናገሩ ነገረችን። «በእምነቱ ነገር እኔ መልስ አልሰጥም» አለች ለቄሱ፤ እሳቸውም «ደግ ብላለች» አሉ። ለእማማ ግን አስረዳች። ነገር እርስ በርሱ ይሳሳባል። ስለዚህ እኩል ተዘርግቶ ሲገኝ ተራራ አናት ላይ እንደተቀመጠ ውሃ ነው፤ ገና የሚወርድበት ቁልቁለት አለው። ሲወርድ ይሰበሰባል፣ ከዋክብት ይሆናል፤ ከዋክብቱም ነድደው ሙቀታቸውን ይበትናሉ። የእኛም ኑሮ በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

ይህን ተርጉሜ ሳልጨርስ ከኋላ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ፣ ውሃውን ተራራው ላይ ማን አወጣው?»

ከቀብሩ ወዲህ በሰው ፊት ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥያቄያቸውን ለመምህርቷ ተረጎምኩላት።

«አናውቅም» አለች መምህርቷ። «የተለያየ ሐሳብ አለ፤ እርግጡን የሚናገር ግን እስካሁን አልተገኘም።»

«አንድም የሚያውቅ የለም?»

«የለም።»

«እኛ ግን እናውቃለን» አሉ ቄሱ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ተርጉሜ ስነግራት እሷም ሳቀች። አባቴ አልሳቁም። «እንግዲህ እሷም አታውቅም» ብለው ለራሳቸው ተናገሩና እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። የተማረ ሰውም የማያውቀው ነገር መኖሩ ያሳረፋቸው መሰለኝ።

ወደ ካርሜ ጋት፣ ወደ ቤታችን በመኪናዬ ስንመለስ ዝናብ ይጥል ነበር። 

«ጊዜ ወደ ኋላ ቢመለስ» አሉ አባቴ፣ «መጀመሪያ የምናገኘው የእናትሽን ሕመም ነው። ስሜን የማታውቅበትን ቀን።»

«ከዚያ በኋላ ግን ደኅና ሳሉ ያገኟቸዋል» አልኳቸው።

«አገኛታለሁ። ግን እዚያ መች ይቆማል? እስከማንተዋወቅበት ድረስ ይወስደናል።» መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አዩ። «አይሆንም። እንደሄደ ይሂድ።»

እንባዬ መንገዱን አላሳይ ሲለኝ መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። አባቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው እስክረጋጋ ጠበቁኝ፤ ከዚያ «ንጂ እንጂ፣ ራበኝ» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳይለምናቸው በአውቶቡስ ወደ ሞዓዶኑ ሄዱ። ከእማማ ጋር ስለዚያ ውሃ እስከ ዛሬ እንደሚከራከሩ ኃላፊዋ ነግራኛለች። ይህ ማለት ሐዘናቸው አለቀ ማለት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቃል የማይወጣቸው ቀን ዛሬም አለ። ግን ሲሻላቸው ልጆቼን ሰብስበው ስለ እናቴ ያወሯቸዋል። ከሠርጋቸው ይጀምራሉ፤ ሕመሙ ጋ አንድም ቀን ደርሰው አያውቁም።

ትንሿ ልጄ «ከዚያስ?» ስትላቸው፣ «ከዚያማ እናታችሁ ተወለደች» ይሏታል።