የእማዬ ጉትቻና የአባዬ ዓይን

ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ይበርዳል ብዬም አልጠብቅ።

ከቤተሰቤ ጋር በምንኖርበት ናይሮቢ ቢዝነስ ስማር የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚባል ኮርስ ነበረን። በቡድን ተከፋፍለን አንድ የተቸገረ ቤተሰብ እንመርጣለን፣ ሃራምቤ የሚሉትን የእርዳታ ዝግጅት ጠርተን መዋጮ እናሰባስባለን፣ ማርክ እናገኛለን። ጽድቅም በማርክ! ያኔ የአባዬ አንድ ዓይን ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ ሌላውም ይከተላል ብሎናል፤ እኛ ደግሞ ማሳከሚያ የለንም። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ለቡድኔ ነገርኳቸው። "ቅዳሜ ሰፈራችሁ ሳውዝ ሲ መጥተን ቤታችሁን እናያለን" አሉኝ።

እናቴን አስጠነቀቅኋት። "እማዬ፣ የሚመጡት ችግራችንን ሊያዩ ነው። ምንም እንዳትሠሪ።"

"ሰው ቤቴ መጥቶ ባዶ አፉን ይመለስ? ምነው፣ ሳልሞት!"

ቅዳሜ የቡድኔን ልጆች ይዤ ከማታቱ ታክሲ ወርጄ በሩን ስከፍት ክው አልኩ። የጎረቤት ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የጎረቤት ብርጭቆ ተደርድሯል፣ ዶሮ ወጡ ይንተከተካል። የእማዬ ጆሮ ባዶ ነው፤ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣዋለች። አባዬ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ "ካሪቡ! ካሪቡ!" እያለ በአገሩ ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል።

እማዬ "በሞቴ!" እያለች በጉርሻ አጨናነቀቻቸው። የቡድናችን መሪ ጣቷን እየላሰች ማዕዱን በስልኳ ቀረጸች። ምንጣፉ እንኳ የእኛ አይደለም ልላት ነበር። ግን አባዬ እንግሊዝኛ ይሰማል። በእንግዳ ፊት እንዴት አድርጌ ላዋርደው?

ሰኞ መሪዋ ለብቻዬ ጠራችኝ። "እናንተ ደህና ናችሁ እኮ። የባሰበት ቤተሰብ አግኝተናል።"

"የበላችሁት የእናቴን ጉትቻ ነው!" ብዬ ጮህኩባት።

"ታዲያ ለምን ደገሳችሁ?" አለች። የጠየቀችኝ ከልቧ ነው፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ቡድናችን ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

እንዳልመረጡን ቤት ገብቼ ስናገር እማዬ "በዶሮው ነው?" አለችኝ። አባዬ ግን "ለመሆኑ ምግቡ ተስማማቸው?" ሲል ጠየቀኝ።

አሁን ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም። በር በተንኳኳ ቁጥር ኮሌታውን በዳበሳ ያስተካክልና ወደ እማዬ ዞሮ፣ "አንቺ፣ የሚቀመስ ነገር አለ?" ይላል።