የምዕራቡ ግድግዳ

ሽማግሌው ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤ ክራቫታቸውን አጥብቀው አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው። ያን ሦስት መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኖርፎክን ነፋስ የቻለ ቀይ የጡብ ቤት ሊያይ የመጣ ሁሉ በትልቁ በር ሲገባ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ዞረው ከምዕራቡ ግድግዳ ፊት ይቆማሉ። የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ፣ አውራ ጣታቸውን በጡቦቹ መጋጠሚያ ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዳሉ።

አስጎብኚዋ ሂልዳ ዛሬ አላስቻላትም።

«አባት፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። ምነው አንዴ እንኳ ውስጡን ቢያዩት?»

«ውስጡን አላውቀውም። የኔ ሥራ ውጭ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ነበር።»

ይህን ሲሉ ከግድግዳው የጡብ ልጣጭ ተቀርፎ እግራቸው ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡት።

«በሲሚንቶ ተጠግኖ ነው። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ መጋጠሚያው በኖራ ካልተሞላ እርጥበቱን መተንፈስ አይችልም። ሲሚንቶ አንቆ ይይዘውና ፊቱ እንዲህ ይረግፋል።»

«የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ሂልዳ።

ሽማግሌው ልጣጩን ወደ ቦታው መልሰው በመዳፋቸው ደግፈው ያዙት።

«ያጠበቁት ሁሉ የሚጸና የመሰለው ሰው ነው» አሉ። «ልጆቹንም እንደዚሁ ነው ያሳደገው።»

ዝናቡ ጀመረ። እጃቸውን ግን ከግድግዳው አላነሡም።