ሦስቱን ራሞች የገደለው እጅ

ከኮምፒውተር ዕቃ በፊት የምነግደው ምስርና በርበሬ ነበር። የምስር ገዢ እጁን እስከ ክንዱ ጆንያው ውስጥ ካልከተተ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ካልሰበረ አያምንህም። ሐይቅ ከተማ፣ በደሴና ወልድያ መንገድ ዳር ሱቅ ከፍቼ ኪቦርድና ያገለገለ ኮምፒውተር መሸጥ ስጀምር ይህንኑ የገበያ ዕውቀት ይዤ ገባሁ። ሌላ ዕውቀት አልነበረኝም።

ራም የምትባለው ዕቃ፣ ለማያውቃት፣ እንደ ማበጠሪያ አንድ ጎኗ ጥርስ ያላት ስስ ነገር ናት። ያለሷ ኮምፒውተር አይነሳም። ከደሴ የምትመጣው በግራጫ፣ በምታብረቀርቅ ከረጢት ታሽጋ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የታሸገ ነገር ይጠረጠራል። ስለዚህ ከረጢቷን ቀድጄ እጥልና ራሟን ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል አደርጋታለሁ። ገዢ ሲመጣ አውጥቼ በሹራቤ እጅጌ ወልወል አድርጌ እሰጠዋለሁ። እሱ አገላብጦ ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጓደኛው ወርቃማ ጥርሷን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ እያደረገ "እውነተኛ ወርቅ ነው?" ይላል። ሱቁ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ሳይዳብሳት አትሸጥም ነበር።

በጋው ደረቅ ነበር፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሹራቤን ሳወልቅ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ የሱቄ ብረት በር ይነዝረኛል። በሩን ተሳድቤ አልፋለሁ።

በዚያ በጋ ውጫሌ፣ ከወረዳው ቢሮዎች ፊት ለፊት ማመልከቻ የምትጽፍ አንዲት ሴት ራም ገዛችኝ። ያላት አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነው፤ ልጆቿን የምታሳድገው በነሱ ነው። ራሟ አራት ቀን ሠርታ ቆመች። ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች፤ አልተቆጣችም፣ ብቻ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ሱቁ ሙሉ ሰው እያየኝ ዕቃዬ መጥፎ ነው ልል ነው?

"እታለም፣ ከኔ ሲወጣ ጤነኛ ነበር። እጅሽ ከብዶት ይሆናል" አልኳት።

ሰዉ ሳቀ። እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ሌላ ቀይሬ ሰጠኋት፤ ያቺኛዋ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለች። የኔ ቀልድ ግን ከሷ ቀድሞ ውጫሌ ገብቶ ኖሯል። "የሷ እጅ ማሽን ያደርቃል" ተባለ። ባለጉዳዩ ሁሉ መናኸሪያው አጠገብ ወደተከፈተው አዲስ የማመልከቻ መጻፊያ ቤት ዞረ።

አንድ ቀን ደወለች። "ወንድምዓለም፣ ማሽኑን ልሸጠው ነው። ከመሸጤ በፊት አንዴ መጥተህ እየው" አለችኝ። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

በገበያ ቀን ሁለት ራም ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አንደኛዋ ፌስታል ውስጥ ናት። ሁለተኛዋ እስከዚያ ድረስ ከረጢቷን ያልቀደድኩላት ነበረች፤ ስንፍና አንዳንዴ ይጠቅማል።

ቤቷ ስደርስ ያገኘሁት ባለጉዳይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ የመሬት ጉዳይ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሌላ ቦታ ሂደው ለመሰለፍ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው እንጂ እጇን አምነው እንዳልሆነ ራሳቸው ነገሩኝ። ኮምፒውተሩን እንዲመቸው ብላ ለስላሳ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታዋለች። ከፈትኩት፣ ከፌስታል አውጥቼ፣ እንደ ልማዴ በእጅጌዬ ወልውዬ ከተትኩ። ማብሪያውን ስጫነው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ሴትዮዋ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

"እኔ ስላለሁ ይሆናል። ልውጣላችሁ?" አለች።

ከገዛ ቤቷ ልትወጣልን! አንገቴን ደፍቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ዕቃ ወደሚያስረክበኝ የደሴው ነጋዴ ደወልኩ።

"ዕቃህ ብልሹ ነው" አልኩት ሰላም ሳልለው።

"ምን ለብሰሃል?" አለኝ።

"ምን አገባህ?"

"ንገረኛ!"

"ሹራብ። ናይለን መሰለኝ።"

"ዕቃውን በምን ይዘኸው ሄድክ?"

"በፌስታል።"

"ሱብሃነላህ! ያቺን ግራጫ ከረጢትስ?"

"ጣልኳት። ገዢ ውስጡን ማየት ይፈልጋል።"

"ለጌጥ መስላሃለች? አንተ ሰውዬ፣ ሹራብህና ፌስታልህ ሲታሹ ገላህ ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። በር ነክተህ ሲነዝርህ 'እህ' ብለህ ታልፋለህ፤ ራም ግን ይሞታል። አንተ ሳይሰማህም ይሞታል። አንዳንዱ ደግሞ ቆስሎ ጥቂት ቀን ይሠራና ነው የሚሞተው።"

ያ አራት ቀን ትዝ አለኝ።

ከዚያ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ አስጠናኝ። ሹራብህን ራቅ ብለህ አውልቅ። ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫነው፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። ብርድ ልብሱን አንሳ፣ ማሽኑ ባዶ እንጨት ላይ ይቀመጥ። የማሽኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት ንካ፣ አንዱን እጅህን ከብረቱ ሳታነሳ ከረጢቷን ክፈት። ራሟን በጠርዟ ያዝ፤ ጥርሷን ማንም እንዳይነካ። "ወላሂ፣ ይህቺንም ከገደልክ እኔ ጋ አትምጣ" ብሎ ዘጋው።

ስመለስ አንድ የነጋዴ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሽም። ስልኩን የሰማ የለም። ራሟ ከሠራች "አሁን ደህና ዕቃ አመጣሁ" ብዬ መሄድ እችላለሁ። ሴትዮዋን አየኋት፤ እጆቿ ገና ነጠላው ውስጥ ናቸው።

"አንቺ ነሽ የምትከቺው" አልኳት። "ልብስሽ ጥጥ ነው፣ የኔ አይታመንም።"

"እኔ? በስመ አብ! አልነካም!"

"ንኪው እንጂ" አሉ ሽማግሌው። "ከዚህ የበለጠ አይሞት።"

ሹራቤን ደጅ አውልቄ ገመዱን ነቀልኩ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫንኩ፣ ብርድ ልብሱን አነሳሁ፣ የሞተችውን ራም አወጣሁ፣ የደሴው ሰው ያለኝን ሁሉ ደገምኩላት። ብረቱን ነካች። ከረጢቷን ከፍታ ራሟን በሁለት ጣቷ፣ በጠርዟ፣ የተኛ ጫጩት እንደምታነሳ አነሳቻት። ማስገቢያው ላይ አስተካክላ ተጫነች፤ በግራም በቀኝም ቀጭ አለ። ክዳኑን ገጥሜ ገመዱን መለስኩ። ማብሪያውን ራሷ ተጫነች። ጢጥ አንዴ ብቻ አለና ስክሪኑ በራ። እሷ ስክሪኑን አላየችም፤ መዳፎቿን ነበር የምታየው።

"አባቴ፣ ይስሙኝ" አልኳቸው ሽማግሌውን። "የሷ እጅ ምንም የለበትም። ያን ሁሉ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ሱቄ ውስጥ እያሻሸሁ፣ ለሰው እያስዳበስኩ።"

"ሰማሁ" አሉ። "ግን እዚህ ያለነው እኔና እሷ ነን። አንተ ስሟን ያነሳኸው ሰው ፊት አይደለም እንዴ? ገበያ ወጥተህ ተናገር።"

እውነታቸውን ነው። ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ፣ አዲሱ መጻፊያ ቤት ደጃፍ ወረቀት ይዘው የተሰለፉት ፊት ቆሜ ያንኑ ደገምኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃዬን ሳሞግስ የኖርኩ ሰው፣ ዕቃ ገዳዩ እኔ ነኝ ብዬ ስጮህ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

"ምን አብልታህ ነው?" አለች አንዲት ሴት ከሰልፉ። ሳቁብኝ። የሚገባኝ ሳቅ ስለሆነ ቆሜ ሰማሁት፣ ሲያልቅም እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

ከተሰለፉት ሁለቱ ተያዩና ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ወረዳው ቢሮ አቅጣጫ አዘገሙ። የቀሩት ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሁለቱን በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ የሴትዮዋን በር ገፍተው ሲገቡ እስካይ ድረስ ሚኒባስ አልተሳፈርኩም።